ትራክተሩ ጫማውን ያወለቀ ዕለት

ነገሩን ያመጣችው ምላሴ ናት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ድንጋዩን ነው የምከስሰው፤ ድንጋይ አይከራከርማ።

ደግሞ አትቸኩሉብኝ። እኔ ወግ የማወራው በግ እንደሚግጠው ነው፤ አንዴ ነጨት አድርጌ ወደ ማዶ አያለሁ፣ ማዶ ስደርስ የመጣሁበትን እረሳለሁ። ፊደልም የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ በትከሻቸው ላይ እያየሁ ስለሆነ፣ ጽሕፈቴ እንደነሱ ደብተር መስመር አይጠብቅም።

ቤቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚያቀናው ዳገት ላይ ነው። ብርዱ ሰውን ቶሎ ያስረጃል ይላሉ፤ እኔን ያስረጀኝ ግን በሬ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት በሬ ትቶልኝ ነበር። ካቻምና ዳለቻው ገደል ገባ፤ ቦራ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ማለት አንድ እግር ጫማ ማለት ነው፤ አለኝ ብለሽ መንገድ አትወጪበት፣ የለኝም ብለሽ አትጥዪው። ከጎረቤቴ ከየሻረግ በሬ ጋር መቀናጆ ገባን፤ የእሷ በሬ ግን ባለቤቱን መስሎ ጨዋታ ወዳድ ነው፤ ትልም መሃል ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እንዲህ እንዲህ ስንል ከአውድማው ማዶ ያለው ማሳዬ ሁለት ክረምት ጦም አደረ።

ማሳው ጦም ሲያድር እንቅልፍ ያጣው ዋርሳዬ ደሴ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይጠብቀኛል።

"እትዬ፣ መሬትም እንደ ጎረምሳ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይባልጋል። በእኩል ስጪኝና ልረሰው።"

ክፉ ሰው አይደለም ደሴ። ነገር ግን በእኩል የወጣ መሬት እንደ ተዳረች ልጅ ነው፤ ለጥየቃ ትመጣለች እንጂ ለመኖር አትመለስም። አንድ ቀን መልስ ሲያጥረኝ፣ በነፍስ አባቴ በአባ ሞላ ፊት፣ "እስከ ሰኔ ሚካኤል ካላረስኩት ውሰደው!" አልኩት። ነግሬያችኋለሁ፤ ምላሴ።

ሰኔ ሚካኤል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደብረ ታቦር ያለችው ልጄ ስንቱን ለምና ትራክተር ላከችልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ። በማግሥቱ በዓል ነው፤ ከበዓሉ ወዲያ ደግሞ ትራክተሩ ሐሙሲት በኩል ቀጠሮ አለው። የጉና ራስም ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ያ ዝናብ አንዴ ከወረደ፣ እንኳን ትራክተር ድመትም በማሳዬ ውስጥ እግሯን አታነሳ።

ነጂው ብሩክ የሚባል ከተሜ ጎልማሳ ነው። ጥርሱ ነጭ፤ ጫማው ከጥርሱ የባሰ ነጭ። እንዲያ ያለ ጫማ አድርጎ ሰኔ ላይ እኛ አገር የመጣ ሰው፣ ወይ በጣም ደፋር ነው ወይ ማንም አልነገረውም።

"እማማ፣ በየት በኩል ልግባ?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"በእርከኑ ዳር ልጄ፤ በዚያ በድንጋዩ ካብ በኩል።"

"ይሄ ሜዳ እያለልዎት?"

"እሱ አውድማ ነው።"

"እህል የለበትም እኮ!"

"ባይኖርበትም አውድማ ነው። በአውድማ በጫማ አይገባም።"

ባሌ በዚያ አውድማ ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ነው የገባው። የቀበሌ ሰው ሲመጣ እንኳ ዳር አቁሞ ጫማ ያስወልቅ ነበር። በጫማ የገባ በረከቱን ረግጦ ይወጣል ይላል። አንዱ ባለሥልጣን ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ሲልበት ባሌ አላየሁም ብሎ ወደ ሰማይ የተመለከተው አሁንም ትዝ ይለኛል። ይሄስ ሌላ ወግ ነው።

"እኔ እኮ አልወርድም" አለ ብሩክ፤ "የሚገባው ትራክተሩ ነው።"

"እሱስ ቢሆን? አራት ጫማ አድርጎ የለም እንዴ! ያውልቅና ይግባ!"

ሊያይ የተሰበሰበው ሰው፣ አባ ሞላ ሳይቀሩ፣ ሳቀ። እኔም በራሴ ነገር ሳቅሁ፤ ጥርስ የሌለው ሰው ሲስቅ ደግሞ ቶሎ አያቆምም። ብሩክም እየሳቀ መሪውን ወደ እርከኑ ጠመዘዘ።

የፊተኛው ግራ ጎማ የእርከኑን ድንጋይ በጎኑ ገፋው። ድንጋዩን የካበው ባሌ ነውና ንቅንቅ አላለም። "ፍስስስ" የሚል ሰማሁ፤ እባብ መስሎኝ ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ትራክተሩ እንደ ደከመ በሬ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጎማው ከብረቱ ወጥቶ ወደ ጎን ተንጋደደ።

ከዚያ የሻረግ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

"ወይኔ ጉዴ! ሰምቷት አወለቀ!"

"ጥቁር ምላስ ነው" አለ ደሴ ከኋላ። መቼ እንደመጣ እንጃ፤ ደሴ እንደ ብርድ ነው፣ ሲገባ አይታይም። "እንግዲህ እትዬ፣ የበሬ ጎማ ወልቆ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ብሩክ ወርዶ ተንበረከከና ጎማውን ዳሰሰ። ፊቱ እንደ ጫማው ነጣ። ነገሩን በደንብ ነው ያስረዳን። ይሄ ጎማ ውስጡ ካላማዳሪያ የሚሉት አየር መያዣ ላስቲክ የለውም፤ አየሩን የሚይዘው የጎማው ከንፈር ከቸርኬው፣ ማለት ከብረቱ ክብ ጋር፣ ጥርቅም ብሎ ሲገጥም ብቻ ነው። አሁን የአንዱ ጎን ከንፈር ወልቋል። ትራክተሩ ራሱ አየር የሚነፋበት ቱቦ አለው፤ ነገር ግን በተከፈተ አፍ ውስጥ ቢነፉ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ነፋና አሳየን። ነፋሱ የአባ ሞላን ጥምጥም አወዛወዘና ሄደ።

"ታዲያ ማን ነው የሚገጥመው?" አልኩ።

"ጎሚስታ" አለና ደወለ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገር። ጎሚስታው ገሳይ ነው ያለሁት፣ ከሚካኤል ማግሥት በፊት አልደርስም አለ። "እንግዲያው እንዴት እንደሚገጠም ንገረን" አለ ብሩክና፣ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋው። ሰው ስልክ ላይ ሆኖ ጤና ሳይጠየቅ እንዴት ሥራ ይጠየቃል?

"እንዴት ዋልክ ልጄ? ደኅና ነህ? ልጆች ደኅና? ከብቱስ?"

"ከብት የለኝም እናቴ፤ እርስዎ ደኅና ነዎት?"

"ይመስገነው። ዝናቡ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ? የማን ልጅ ነህ?"

ደግ አስተዳደግ ያደገ ልጅ ነው፤ ለሁሉም መለሰ፣ መልሶም ጠየቀ። እናቱን ጠይቄ ወደ አያቱ ሳልፍ ብሩክ በእጁ እያጣደፈኝ ነበር። በመጨረሻ ጎሚስታው፣ "እሺ፣ ስሙ። ከንፈሩን በሚያሟልጭ ነገር ቀቡት። የጎማውን ዙሪያ በሆዱ ላይ አስራችሁ አጥብቁት፤ መሃሉ ሲሰበሰብ ከንፈሩ ወደ ብረቱ ይገፋል። ያኔ አየር ንፉ። ግን አደራ፣ በጣም ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም..." አለና ዝም አለ።

ካርዱ አለቀ።

ከምን እንደምንጠነቀቅ ሳናውቅ ቀረን። ብሩክ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ጉና አየሁ።

"ቢያንስ አያቱ ደኅና ናቸው" አለች የሻረግ።

ሥራው በክሪክ ተጀመረ። ክሪክ ትራክተሩን ከሥር የሚያነሳው ብረት ነው፤ ብሩክ ሲያሽከረክረው ግን ትራክተሩ መነሳቱን ትቶ ክሪኩ ወደ መሬት ገባ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የከተማ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ በደጄ የተቀመጠ የእጅ ወፍጮ ነበረኝ፤ ልጄ ጣይው ስትለኝ ኖራለች። አራት ሰው ተሸክሞ አመጣውና ከክሪኩ ሥር ገባ። ትራክተሩ ብድግ አለ። እኔም አንገቴ ብድግ አለ። ለልጄ እነግራታለሁ አልኩ በሆዴ፤ ነገርኳትም፣ ሦስት ጊዜ።

ቀጥሎ የሚያሟልጭ ነገር ነው። የልብስ ሳሙና አመጣሁ፤ በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳን ሊያረፋ ሊረጥብም አልፈለገ።

"ቅቤ ላምጣ?" አልኩ።

"ኧረ እማማ! ቅባት ጎማ ይበላል!"

"ቅቤማ ጾም ነው" አሉ አባ ሞላ።

"ጎማው ይጾማል እንዴ አባ?" አለ ደሴ።

"ጎማው ባይጾም የምትቀባበት እጅህ ይጾማል። ከዚያ ደግሞ ትልሰዋለህ፤ አውቅሃለሁ።"

ጾም የሚለውን ስሰማ ለምሳዬ የበጠበጥኩት ተልባ ትዝ አለኝ። ከተልባ የበለጠ የሚያሟልጭ ነገር እግዜር አልፈጠረም፤ ከሰጠኝ ድስት ሙሉ ተልባ በቀር እኔም ሌላ አልነበረኝም። ብሩክ ጣቱን ነከረበትና ሁለቱን ጣቶቹን አሻሸ። ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አየሁ። ምሳዬ ሙልጭ ብሎ በጎማው ከንፈር ላይ ተቀባ።

የቀረው ማሰር ነው። ወንዶቹ የከብት ገመድ አምጥተው ጎማውን ዙሪያውን አሰሩና ስድስት ሆነው ሳቡ። ገመዱ ቀጭን ነው፣ ጎማው ሆዳም ነው፤ ጠበቅ ሲል ገመዱ ከሆዱ ላይ ሸርተት ይላል። ሦስተኛው ላይ "አንድ፣ ሁለት" ብለው "ሦስት" ሳይሉ ገመዱ አፈተለከ፤ ስድስቱም ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተነጠፉ። ደሴ ከሥር ነበር።

"ይሄ ምልክት ነው" አለ ጭቃውን ከጢሙ እየጠረገ፤ "ተይው እትዬ። እግዜር ማሳውን ለእኔ ሊሰጠኝ ነው።"

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ልቤ ዝቅ አለ። ሰዓቱ ከቀትር አልፏል፤ የጉና ደመናም ወደ እኛ መውረድ ጀምሯል። ከጎማው ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ዝም ብዬ አየሁት። ላላ ብሏል፤ ጎንና ጎኑ ተንቦርቅቋል፤ ደክሞታል። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው? አልኩ። ብዙ ዓመት የሰፈሩን ሴት ያዋለድኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ከአሳቤ ቀድሞ ወደ ወገቤ ሄደ።

"የሻረግ" አልኩ፤ "ይሄ እኮ የአራስ ሆድ ነው።"

አየችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ደግማ አየችው።

"እውነትሽን ነው! የመንታ እናት!"

የወለደች ሴት ሆዷ እንዲህ ሲላላ በገመድ ያሰረ ሰው አለ? በመቀነት ነው የሚታሰር፤ ሰፋ አድርጎ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያስተኙ። ገመድ ይቆርጣል፣ መቀነት ያቅፋል። ይህን ወንድ ከየት ያውቀዋል!

ዐሥር ክንድ ሙሉ የሆነውን መቀነቴን ፈታሁ። የሻረግም ፈታች። የቀሩት ሴቶችም እየሳቁ ፈቱ። አባ ሞላ ፊታቸውን ወደ ጉና አዙረው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ።

"በመቀነት?" አለ ብሩክ። "እማማ፣ ይሄ ትራክተር ነው እኮ!"

"አንተ ስትወለድ እናትህን በምን አሰሯት መሰለህ? በሽቦ?"

መቀነቶቹን በውኃ ነክረን በጎማው ሆድ ላይ አንዱን ባንዱ አስተኝተን ጠመጠምን። ቋጠሮው ውስጥ ዘነዘናዬን አስገባሁና እንደ ቡሎን አዞርኩት፤ ሲዞር መቀነቱ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ የጎማው ሆድ ይሰበሰባል። ሁለት ዙር አዙሬ ክንዴ እምቢ አለ።

"ደሴ! ያዝ!"

በምን አፌ እንደጠራሁት አላውቅም። እሱም በምን እግሩ እንደመጣ አላወቀም። ዘነዘናውን ይዞ አዞረ፤ የግንባሩ ሥር ተገትሮ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አዞረ። ጎማው እንዳይገጠም ከሁላችን በላይ የሚጸልየው ሰው፣ ከሁላችን በላይ ታገለለት። ሰው እንዲህ ነው፤ ሥራ እጁ ከገባ ምኞቱን ይረሳል።

"መጣ! መጣ! ከንፈሩ ብረቱን ነካ!" አለ ብሩክ፤ ሮጦ ሞተሩን አስጓራና አየሩን ለቀቀው።

እኛ ሴቶቹ፣ በአንድ እጃችን የተፈታ ቀሚሳችንን ይዘን፣ ሳንማከር "ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም" ማለት ጀመርን። ምን እንበል? ሌላ አናውቅም። ጎማው ማበጥ ጀመረ። ተልባው በከንፈሩ ዙሪያ እንደ ሕፃን አፍ አረፋ አወጣ። ብረቱ ተንጓጓ፣ መቀነቱ ጢን ብሎ ተወጠረ።

"አሁን አላላው! ቀስ ብለህ አላላው!" ብሎ ጮኸ ብሩክ።

ደሴ "አላላው" የሚለውን ሰማ፤ "ቀስ ብለህ" የሚለውን ለሌላ ጊዜ ተወው። ለቀቀው። ዘነዘናው እንደ እንዝርት ተሽከርክሮ ቱር አለ፤ የደሴን ቆብ ከራሱ ላይ ይዞ ሄደና ከድንች መደቤ ውስጥ ተተከለ። በዚያው ቅጽበት ጎማው "ጧ!" አለ።

ሰው ተበተነ። የሻረግ አጥር ዘለለች። አባ ሞላ ከውዳሴው መሃል ወደ "አቤቱ ማረን" ተሻገሩ። እኔ ለመሮጥ ጉልበት ስለሌለኝ ዓይኔን ብቻ ጨፈንኩ፤ እሱም እንደ ሽሽት ይቆጠራል።

ዓይኔን ስገልጥ ትራክተሩ፣ ገና ክሪኩ ላይ ቢሆንም፣ ባለ አራት እግር ሆኗል። የጎማው ከንፈር ብረቱን እንደ ሕፃን ጡት ይዟል። ብሩክ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ አንድም ትንፋሽ የለም።

"ያዘ!" አለ። "እማማ፣ ያዘ!"

እልልታው ያኔ ነው የፈነዳ። ነገር ግን ሦስት ላይ ስንደርስ የሻረግ ከአጥሩ ማዶ አስቆመችን።

"ቆይ! ለሴት ሦስት ነው፣ ለወንድ ሰባት። ይሄ ምንድን ነው?"

ሁላችንም ወደ ብሩክ አየን።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ።

"ሴት ናት" አለች የሻረግ፤ "ወንድ ቢሆን ይሄን ሁሉ ታስሮ ዝም አይልም ነበር።"

ሦስት ላይ አቆምን።

ደሴ ከድንቹ መሃል ቆቡን ይዞ ሲመጣ እየሳቀ ነበር። "ጎሚስታው ተጠንቀቁ ያለው ለካ ከእኔ ነው" አለ።

ወጉ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ብሩክ ግን መቀነቱን ፈትቶ ክሪኩን እንዳወረደ ወደ እርከኑ አየ፣ ወደ ሰማዩ አየ፣ ወደ እኔ መጣ።

"እማማ፣ በዚያ ድንጋይ በኩል ሁለተኛ አልሄድም። ይሄ ጎማ ዳግም ቢወጣ መቀነት የቀረው ሰው የለም። ወይ በአውድማው አልፋለሁ፣ ወይ እመለሳለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልጁ እውነቱን ነው። ሰዉ ሁሉ እኔን አየ። አባ ሞላ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አውድማውን አየሁት። በየዓመቱ በእበት የምለቀልቀው፣ ባሌ ምርቱን ከመስፈሩ በፊት በባዶ እግሩ ቆሞ የሚያመሰግንበት ነው። አሁን ቢኖር ምን ይል ነበር? አልኩ። የቱ ይብስበት ነበር፤ በአውድማው ላይ ያለፈ ጎማ፣ ወይስ ማዶ ሦስተኛ ክረምት ጦም የሚያድር ማሳ? ማሳው ጦም ካደረ አውድማውስ ለምን ይለቀለቃል? ለነፋስ?

"አንዴ አውልቋል" አልኩ። "ይበቃዋል። ግባ ልጄ።"

ብሩክ ትራክተሩ ላይ ሊወጣ እግሩን አነሳና ቆመ። ነጩን ጫማውን አየ። አሁን ነጭ አልነበረም፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ተልባ ነው። ጎንበስ ብሎ ፈታው፤ ካልሲውንም አወለቀ፤ ጫማውን ለእኔ ሰጠኝ።

"ትራክተሩ ካወለቀ እኔማ..." አለ፤ ሳይጨርሰው ወጣ።

በባዶ እግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው አውድማዬን አቋረጠ። ወንዶቹም ሳይነገራቸው የላስቲክ ጫማቸውን እያወለቁ ከኋላው ተከተሉ። መቀነቴን ሳልታጠቅ፣ ቀሚሴን በአንድ እጄ፣ የሰው ጫማ በሌላ እጄ ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ደግሞ እስቃለሁ።

ሁለት ክረምት የደደረ መሬት ለማረሻው እንደ ዳቦ ተቆረሰ። ትልሙ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚሸት። የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። አባ ሞላ ወደ ደሴ ዞሩ።

"ቃሉ ተፈጽሟል። ሚካኤል ነገ ነው።"

"ተፈጽሟል አባ" አለ ደሴ። ከዚያ ወደ ነጂው ዞረ። "ብሩክ ወንድሜ፣ ከሐሙሲት ስትመለስ የኔ ማሳም አለ። መቀነቱን እትዬ ታውሰናለች።"

ዝናቡ ሊወርድ ሲል ብሩክ ተጣድፎ ሄደ። ጫማው እጄ ላይ መቅረቱን ያየሁት ትራክተሩ ከመታጠፊያው ከተሰወረ በኋላ ነው። አጥቤ ከምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፤ እንደ ድሮው ባይነጣም ሰው ፊት ይቀርባል። መቀነቴም ታጥቧል፤ የጎማው ጥርስ ምልክት ግን አልለቀቀውም፤ ሁለት ክንድ ረዝሞ ተመልሷል። ታጥቄው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ይጠቃቀሱብኛል።

ስንዴው ከተዘራ በኋላ፣ ጫፍ ጫፉ ብቅ ሲል ብሩክ ደወለ።

"እማማ፣ ጫማዬ እዚያ ቀረ?"

"አለ ልጄ። መጀመሪያ እንዴት ነህ? እናትህ ደኅና ናቸው? አያትህስ?"

"ካርዴ ሊያልቅ ነው እማማ!"

"እሺ፣ ላሳጥርልህ። ስንዴው ሲወቃ ና። ጫማህን ከአውድማው ዳር አስቀምጥልሃለሁ፤ ስትወጣ ታደርገዋለህ። ስትገባ ግን በባዶ እግርህ ነው።"